ለመሀሉ ቦታ የተሰጠ መልስ

ኧረ ሆዴን! ቆዩ ሳቄ ይውጣልኝ፤ ዋናው ገና ከኋላ ነው። ኮሎኔል መርዕድ ለሰፈሩ ያንን እየተጋፉ የሚጫወቱትን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አቋቋሙላችሁ። ከተከላካዩ መስመር ዳርና ዳር ፈጣን ፈጣኑን አቆሙ፤ ይሄ ደግ። መሀሉን ግን ለእህታቸው ልጅ፣ ለዚያ ለሎጋው ሊሰጡት ሲሉ፣ ቦታውን ሲመኝ የከረመ አንድ አጭር ደንዳና የዕቃ ተሸካሚ «መሀሉማ የኔ ነው!» አለ።

ኮሎኔሉ ጎንበስ ብለው አፈጠጡበት። «አንተ ድንቢጥ! ግዙፍ ሰው መጥቶ ሲገፋህ ምን ልትሆን ነው? መልስ ከሌለህ ውሃ አቀባይ ነህ!»

ተሸካሚው ቀና ብሎ አያቸው። «ጌታዬ፣ ረጅሙንማ ማንም ቀጥ ብሎ ይገፋዋል። እኔን ለመግፋት ግን መጀመሪያ ማጎንበስ ግድ ነው፤ ይኸው እርስዎ እንኳ ኮሎኔል ሆነው አጎነበሱልኝ!»