ዋንዛው ላይ የተቀባው ቀለም

አንድ ገበሬ ነበረ። ነገ ለምንጀምረው የዛፍ ጥናት ያነሣኸውን ጥያቄ አልረሳሁም፣ አስናቀ፤ «ጊዜያችን አጭር ነው፣ የመጀመሪያውን ቀን ከማሳው ባለቤት ጋር በወሬ ለምን እናጠፋለን?» ብለህ እኔን መምህርህን ጠይቀኸኛል። ዝም ብለህ ስማኝ።

ገበሬው ጠባብ ማሳ ነበረችው። ቡናውም እንሰቱም የሚበቅለው በአንድ ትልቅ ዋንዛ ጥላ ሥር ነው። የዋንዛው ቅጠል እየረገፈ አፈሩን አጥቁሮታል፤ ወፉም ንቡም እዚያው ነው። ቤተሰቡ ከዚህች ማሳ ሌላ የሚበላበት የለውም።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ለጥናት መጣ። ሰላምታ ሰጠ፣ ፈቃድም ጠየቀ። ዛፎቹን ቆጠረ፣ ከዋንዛው ሥር አፈር ቆፍሮ በላስቲክ ቋጠረ፣ ግንዱን ዙሪያውን ቀይ ቀለም ቀባና ሄደ። ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ለእሱ ቀለም ቀለም ነው።

ገበሬው ግን በጎረቤት ቀበሌ መንገድ ሠሪዎች ሲመጡ አይቷል። መጀመሪያ ዛፎቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ቀጥሎ መጋዝ መጣ፣ በመጨረሻ ማሳው ለመንገዱ ተወሰደ። ዋንዛው ከተቀባ ጀምሮ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር እየሮጠ ወደ መንገዱ ያያል። ሚስቱ «ቀበሌ ሄደህ ጠይቃቸው እንጂ» ብትለው፣ «ረስተውኝ ከሆነስ? ጠይቄ ላስታውሳቸው?» አላት።

አንድ ማለዳ ፍርሃቱን መቻል አቃተውና መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። ቀለሙን ከነቅርፊቱ ዙሪያውን ላጠው። እንዲህ የተላጠ ዛፍ እንደሚደርቅ ያውቃል። «መሬቴ ከሚሄድ ዋንዛው ይሙት» አለ።

ተማሪው በዓመቱ ሲመለስ ዋንዛው ደርቋል፣ ቡናው በፀሐይ ጠውልጓል፣ ያ ጥቁር አፈር በጎርፍ እየተጠረገ መሄድ ጀምሯል። ደንግጦ «አባቴ፣ ዛፉን ምን ነካው?» አለ። ገበሬው የተላጠውን ግንድ እያሳየ «ምልክት የለብኝም፣ ጌታዬ። ይዩት፣ የለብኝም» አለው።

«እኔ እኮ የቀባሁት ስመለስ ዛፉን እንዳልስተው ብዬ ነበር» አለ ተማሪው።

ያ ተማሪ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ አስናቀ፤ እንዳንተ የቸኮለ ነበር። ነገ አንተም የማታውቀው ሰው ማሳ ትገባለህ። አንተ የምትፈራው ጊዜው እንዳያልቅብህ ነው። እሱ የሚፈራውን ግን አጠገቡ ካልተቀመጥክ አይነግርህም፤ ሳትሰማው የቀባኸው ቀለም ደግሞ መጥረቢያ ያስነሣል። እውነቱን ልንገርህ፣ ቦርሳህ ውስጥ ያለውን የቀለም ቆርቆሮ ሳየው እፈራለሁ። አውጣና እዚህ ተወው። ነገ ከማሳው ባለቤት ጋር ዋል፣ ከነገ ወዲያ መጥተህ ትወስደዋለህ።