አንድ አፍ ሙሉ አፈር

ተረት ተረት፣ ጆሮ ያለው ይምጣ ወደ ቤት!

ባሏ የሞተባት ፍልፈል፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው፣ በየማለዳው አንድ አፍ ሙሉ አፈር እያመጣች የጉድጓዷን ደጃፍ ከፍ ታደርግ ነበር።

ጎረቤቷ ጥንቸል ሳቀች። «እትዬ ፍልፈል፣ በዚህች ጉርሻ ተራራ ሊሠሩ ነው?»

«ባሌ ደጁን ሳያበጅ ቁርስ አይቀምስም ነበር፤ እኔም አልቀምስም።»

ክረምት ገባ፤ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ጥንቸል ልጆቿን አንጠልጥላ ደረሰች። «እትዬ፣ ልጆቼን ያትርፉልኝ!»

«ግቢ፣ ግቢ!»

ጎርፉ ወጣ፣ ወጣና የደጃፉ ጫፍ ላይ ለመድረስ አንድ ጣት ሲቀረው ዞሮ ሄደ።

«ተመለሰ! ተመለሰ!» ብለው ልጆቹ ጨፈሩ። ፍልፈልም የባሏን ስም ጠርታ እልል አለች!

በማግስቱ ፍልፈል ስትወጣ ጥንቸል ቀድማት ደጅ ነበረች። አፏ አፈር ስለሞላ «እንደምን አደሩ» ማለት እንኳ አልቻለችም።

ተረቴን አደረስኩ፣ ወደ ደጄ ተመለስኩ።