አሜን ያላለው አባት

አንድ አባት ልጁን አስመረቀ። አገሩ ዱራሜ ነው፤ ልጅቱ ፀጋነሽ ትባላለች፣ የተማረችውም ሜካኒካል ምህንድስና። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እኔም ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ።

ፀጋነሽ በፋሲካ ዕረፍት ለአባቷ፣ "አባዬ፣ ተቀጥሬ መሥራት አልፈልግም። እንሰት የሚፍቅ ማሽን የምሠራበት ወርክሾፕ መክፈት ነው ሐሳቤ" ብላው ነበር። አባትየው ዝም አለ። የሚያስብ ሰው ዝም ይላል አይደል? እሷ ግን ያልፈለገ መሰላት። ለጓደኞቿም "በቃ፣ እንደ ሰው ሁሉ የቅጥር ሥራ እፈልጋለሁ" አለቻቸው። ሐሳቧን ትታ ነው ጋወኑን የለበሰችው።

በልተን ስናበቃ የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ሀንዲሶ ለምርቃት ተነሡ። "ልጄ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ያስገባሽ።" አሜን አልን። "ወንበርሽን ያጽናልሽ።" አሜን። እኔም ብያለሁ። እናንተም ብትኖሩ ትሉ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

አባትየው ግን አፉን አልከፈተም። በልጁ ምርቃት ላይ አሜን የማይል አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

"ምነው፣ ምርቃቴን ጠላኸው?" አሉት ጋሽ ሀንዲሶ።

"ኧረ ጋሼ፣ የእርስዎን ምርቃት ማን ይጠላል። ልጄ ያሰበችው ግን ይህን አይደለም። እናቷ ወገቧ እስኪጎብጥ የምትፍቀውን እንሰት በማሽን ልታስፍቅ ነው። ስትነግረኝ ቃል አጥቼ ዝም አልኳት። ቦታው ይኸው ግቢ ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ ትጀምራለች። በዚህ ይመርቁልኝ።"

ፀጋነሽ ፊቷን በጋወኗ እጅጌ ሸፈነች። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እንግዲያማ የጀመርሽው ይለቅ፣ የነካሽው ይባረክ፣ ከደጅሽ ሠራተኛ አይጥፋ" አሉ። አባትየው ከሁላችን ቀድሞ አሜን አለ።

በዚያ ሰው ኮርቻለሁ። በልጅቱም ኮርቻለሁ፤ ዛሬ የሰፈሩ ሴቶች የሚፍቁት በእሷ ማሽን ነው። የእኛ ልጅ እኮ ናት።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥራ ፈጠራን ይማራሉ። ጥሩ ነው። ግን "እኔ እችላለሁ" የሚለውን ከየት ያመጡታል? ከመምህር ብቻ ነው? የእናንተን ፊት እያዩ ነው። "መቼ ነው የምትቀጠረው?" ስትሉት ልጁ ሐሳቡን ዋጥ ያደርገዋል፤ እናንተም ምን እንደዋጠ ሳታውቁ ትኖራላችሁ።

ዛሬ ቤት ስትገቡ "ምን አስበሃል?" ብላችሁ ጠይቁት። ሲነግራችሁ ግን ዝም አትበሉ። እሱ ዝምታችሁን የሚሰማው እንደ እምቢታ ነው።