የተዋሰችው ጥፋት

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ልጆቼ። ሕግ ተምራ የጨረሰች፣ ጠበቃ ለመሆን የምትመኝ ልጅ። ትርሲት እንበላት።

አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ የሚከበር አንድ የጥብቅና ቢሮ ለፈተና ጠራት። ሁለት መቶ ሰው አመልክቶ የተጠሩት ስምንት ናቸው። ከስምንቱ የሚቀጠረው አንድ ነው። ፈተናው ደግሞ እንደ ድሮው ወረቀት ሞልቶ መውጣት እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ነው። ጠዋት ውል ሰጥተው ያጽፏችኋል። ቀጥለው እርስ በርስ ያከራክሯችኋል። ከዚያ ክብ ሠርታችሁ ተቀምጣችሁ ስለ ራሳችሁ ይጠይቋችኋል። ከምሳ በኋላ ደግሞ ባለጉዳይ መስሎ የሚቀርብ ሰው አምጥተው እንዴት እንደምታነጋግሩት ያያሉ።

ትርሲት ስድስት ሳምንት ተዘጋጀች። ኮተቤ በተከራየቻት ክፍል ግድግዳው ሁሉ መልስ ሆነ። ጥንካሬዬ ይህ ነው፣ ድክመቴ ያ ነው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሴን የማየው እዚህ ነው። በመንገድ ስትሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የታክሲ ረዳት የት እንደምትወርድ ሲጠይቃት፣ ከሰው ጋር ተባብሬ መሥራት እወዳለሁ ልትለው ምንም አልቀራትም።

ዓይኗን ስትጨፍን ያንን ቢሮ ታየዋለች። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰፊ መስኮት፣ ጥቁር ካባ የለበሰች እሷ። የምትናገረው አይሰማትም፤ ሰው ሁሉ ግን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማታል። ስትነቃም ያው ናት። ሕልሙ የቱ ጋ እንደሚያልቅ፣ ቀኑ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት እስኪያቅታት ድረስ በዚያ ሕልም ውስጥ ኖረች።

አንድ ጥያቄ ብቻ ያስፈራት ነበር። “በሥራሽ ላይ ያጠፋሽውን ጥፋት ንገሪን” የሚለው።

ለዚህም መድኃኒት ተገኘ። ከሕግ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች እርስ በርስ የሚቀባበሉት ማስታወሻ አለ። በፊት የተፈተኑት ለሚቀጥሉት ያስተላልፉታል፤ እነዚያም ለታናናሾቻቸው። እዚያ ውስጥ የተዘጋጀ ጥፋት ነበረበት። “በምስለ ችሎት ውድድር የቡድን መሪ ነበርኩ። ጉዳዩ እንዲያምር ከመጓጓቴ የተነሣ ሥራውን ሁሉ ብቻዬን ያዝኩ። በኋላ ግን ማካፈልን ተማርኩ።” ምስለ ችሎት ማለት ተማሪዎች ፍርድ ቤት አስመስለው የሚከራከሩበት ነው። አያችሁት? ጥፋት ነው፤ ግን የሚያስመሰግን ጥፋት ነው። ሰው አልተጎዳበትም፣ ማንም አላለቀሰበትም። ትርሲት ይህን ጥፋት ተዋሰች። የት ላይ ቆም እንደምትል፣ የት ላይ አንገቷን ደፋ እንደምታደርግ ሁሉ ተለማመደችው።

የፈተናው ቀን ሐምሌ ነበር። ቢሮው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደመናው ወርዶ መስኮቱን ሞልቶታል። ከተማው የለም። መኪናው የለም፣ ጩኸቱ የለም። ስምንት ልጆች፣ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ከውጭ ነጭ ጭጋግ። ትርሲት ውሃ ላይ እንደምትንሳፈፍ ሆነች። ጽሑፉን ጻፈች፣ ክርክሩን ተከራከረች፤ አፏ ይናገራል፣ እሷ ከሩቅ ታዳምጣለች።

ጠያቂዋ የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ ፀዳለ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ችሎት የቆሙ ሴት ናቸው። እሳቸውም ያንን የተፈራውን ጥያቄ አመጡት፤ እያንዳንዳችሁ ያጠፋችሁትን ንገሩን አሉ።

ሚልክያስ የሚባል ልጅ ጀመረ። በምስለ ችሎት ውድድር የቡድን መሪ እንደነበረ፣ ሥራውን ሁሉ ብቻውን እንደያዘ፣ በኋላ ግን ማካፈልን እንደተማረ ተናገረ። ትርሲት ደነገጠች። ሁለተኛዋም ቀጠለች፤ እሷም የቡድን መሪ ነበረች። ሦስተኛውም። በአገሩ ላይ መሪ ያልሆነ ልጅ የጠፋ መሰለ። አራተኛዋ ትርሲት ናት።

ወይዘሮ ፀዳለ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጠበቋት።

ልጆቼ፣ የተዋሰችው ጥፋት በሰው አፍ አልቋል። የቀራት የራሷ ብቻ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ላይ ያልለጠፈችው።

የራሷን ስትናገር ድምፅዋን አላወቀችውም። ተማሪ ሳለች በነፃ የሕግ ድጋፍ ታገለግል እንደነበር አወራች። እትዬ ይመናሹ የሚባሉ ሴት ወደ እሷ መጥተው ነበር። የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ አንድ ካርቶን ሳሙና ሰርቀሻል ተብለው ተባረሩ። አልሰረቅሁም፣ ወደ ሥራዬ መልሱኝ ብለው ለመክሰስ ሕጉ የሰጣቸው ሦስት ወር ነው። ትርሲት ክሱን ጻፈች። መምህሯ አጻጻፏን አደነቀላት። በዚህ ጊዜ ልቧ አበጠ፤ ይበልጥ እንዲያምር ብላ ደግማ ጻፈችው። አንዱን ቃል ታነሣለች፣ ሌላውን ታስቀምጣለች። አምሮ ሲያልቅ ቀኑን ቆጠረች። ከሦስት ወሩ አራት ቀን አልፏል።

ክሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ለእትዬ ይመናሹ ግን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለዎትም አለቻቸው። እሳቸውም ለፋሽልኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ ብለው መርቀዋት ሄዱ።



“ሴትዮዋ ይህን ያውቃሉ?” አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

“አያውቁም።”

“ስንት ጊዜ ሆነው?”

“ሁለት ዓመት።”

“እንግዲያው እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?”

በቁጣ አልነበረም ያሉት። ሰው መንገድ የሳተን ሰው በርኅራኄ እንደሚጠይቅ ነው። ሌሎቹ ልጆች ቀጠሉ፤ ትርሲት ግን የሰማችው የለም። የምሳ ሰዓት ሲሆን ቦርሳዋን አነሣች። ከሰዓት በኋላ ያ ባለጉዳይ መስሎ የሚቀርበው ሰው ይመጣል፤ እሱን በደንብ ካነጋገረች ተስፋዋ ገና አልተቆረጠም። የለፋችለት ሁሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ላይ ቆመች። የማስመሰል ባለጉዳይ ከማነጋገሯ በፊት የምታነጋግረው እውነተኛ ባለጉዳይ አላት። ደረጃውን ወረደች።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ተማረችበት ከተማ ሄደች። እትዬ ይመናሹን ገበያ ዳር ሽንኩርትና ድንች ሲሸጡ አገኘቻቸው። ከስተዋል። እሷን ሲያዩ ተነሥተው ሊስሟት አሉ፤ ይቆዩ፣ አይሳሙኝ አለቻቸው። ነገረቻቸው። አላሳመረችውም፤ እንዳለ ነገረቻቸው።

እትዬ ይመናሹ በእጃቸው የያዙትን ሽንኩርት መልሰው አስቀመጡ።

“እና ዳኛው ሌባ ናት አላሉኝም?”

“ዳኛው ክሱን አላዩትም። ስምዎንም አልሰሙት። ያልደረሰው በእኔ ጥፋት ነው።”

ሴትዮዋ ቀስ ብለው መቀመጫቸው በሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “እኔ እኮ የመንግሥት ዳኛ ሌባ ካለኝ ምን ፊት አለኝ ብዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው” አሉ። ከዚያም ቀና ብለው አዩዋት። “አሁን ሂጂ። ዛሬ ምንም ልልሽ አልችልም። ሌላ ቀን ነይ።”

ይቅር አላሏትም፤ በዚያን ቀን አላሉም። በሚቀጥለው እሑድ ግን እትዬ ይመናሹ ቅጥሩን አልፈው ገቡ።

ሥራውን አገኘችው ወይ ትሉኛላችሁ። አውቄባችኋለሁ። አላገኘችውም። ያገኘው ያ ሚልክያስ ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ! እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሥራ አይደለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ንስሐ ልትገቡ እኔ ዘንድ ስትመጡ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ? ይህን ያህል ዓመት ሰምቻችኋለሁ። አባቴ፣ በሐሳቤ በድያለሁ። አባቴ፣ ጾሙን አልጾምኩትም። አባቴ፣ ጸሎት ታካች ነኝ። ደግ ነው፣ መናገራችሁ ደግ ነው። ግን የሁላችሁም እንዴት አንድ ሆነ? ከማን ተቀባበላችሁት? ማንም ያላለቀሰበትን ኃጢአት መርጣችሁ፣ አሳምራችሁ፣ አንገታችሁን የምትደፉበትን ቦታ ሳይቀር አጥንታችሁ ትመጣላችሁ። እኔም እፈታችኋለሁ፤ ቀለል ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ሕልም ነው፣ ልጆቼ። ጣፋጭ ሕልም።

የራሳችሁስ የት አለ? ከወንድማችሁ ጋር ድንበር ስትካለሉ የተናገራችሁት ቃል የት አለ? ስለ ጎረቤታችሁ ልጅ ያወራችሁት፣ ወሬው ደርሶ ትዳሯን ያፈረሰው የት አለ? ባልሠራው ሥራ ስሙ የጠፋ፣ እናንተ አንዲት ቃል ብትናገሩ የሚነጻ፣ እናንተ ግን ዝም ያላችሁበት ሰው የለም?

አለ። አሁን ስናገር በልባችሁ መጥቷል። ፊታችሁን አያለሁ እኮ።

እናንተ እዚህ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ቆማችኋል። እሱ በእናንተ ዝምታ የተነሣ ደጅ ቆሟል። እንግዲያውስ ዛሬ ወደ እኔ አትምጡ። መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ። ሳታሳምሩ ንገሩት። ቢቆጣችሁ ቻሉት፤ ሌላ ቀን ኑ ቢላችሁ ሌላ ቀን ሂዱ። እኔ የትም አልሄድም፤ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ።