ከአምፖሉ ሥር

የባለቤቴ የአምባዬ መርዶ በደረሰኝ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ድሮ መብራት በጠፋ ቁጥር እሱ ልጆቻችንን ሰብስቦ «ተረት ተረት» ሲል፣ እነሱ «የጨለማ መብራት!» ይሉት ነበር። ያን ተረቱን እንዳይረሳኝ ጻፍኩት።

ገብስማና ቀዪት የሚባሉ ዶሮዎች በአንድ ቤት ጫጩት ያሳድጉ ነበር። ሰዎቹ ጫጩቶቹ እንዲሞቃቸው አምፖል ሰቀሉላቸው። ገብስማ ልጆቿን ለአምፖሉ ትታ ጓሮ ለጓሮ ስትዞር ትውላለች። ቀዪት ግን አምፖሉ እየበራም ልጆቿን በየማታው ክንፏ ሥር ታስገባለች።

«አንቺ፣ ፀሐይ ቤትሽ ድረስ መጥታልሽ ምን ያለፋሻል?» አለች ገብስማ እየሳቀች።

«ይልመዱት ብዬ ነው እቴ» አለች ቀዪት።

አንድ ብርዳም ምሽት መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የቀዪት ልጆች ሮጠው ክንፏ ሥር ገቡ። የገብስማ ልጆች ግን የጠፋውን አምፖል ከበው እየተንቀጠቀጡ ይጮኻሉ። ገብስማ ክንፏን ዘርግታ «ኑ፣ የኔ ጌቶች!» ብትላቸው ደንግጠው ሸሿት።

«ቀዪቴ፣ ልጆቼ በብርድ አለቁብኝ!»

«ዝም ብለሽ አጠገቤ ተኚ።»

የገብስማ ልጆች ጓደኞቻቸውን አይተው ቀዪት ክንፍ ሥር ተጋፍተው ገቡ። ቦታው ሲጠብ ጊዜ ዳር ያሉት እየተገፉ እናታቸው ክንፍ ሥር ተገኙ።

«ውይ፣ እዚህም ይሞቃል!» አለ አንዱ።

ተረቱ የአምባዬ ነው። ያነበባችሁ ሁሉ ነፍሱን ይማርልሽ በሉኝ።