የአያ ይመር እግር

በአንድ ወቅት፣ አውቶቡስ በቀን አንዴ ብቻ በሚያልፍበት አገር፣ አያ ይመር የሚባሉ ገበሬ ከዛፍ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሩቅ ከተማ ያለ ወጌሻ አጥንቱን አቃንቶ ከታፋ እስከ ተረከዝ በቀርከሃ አሰረላቸው። «ቤትዎ እስኪገቡ ጉልበትዎ እንዳይታጠፍ። ከታጠፈ እኔም አልመልሰው» አላቸው። ሽማግሌው ወደ ሦስት ልጆቻቸው ዞሩ። «እግሬን እንደተዘረጋ ቤቴ ያደረሰልኝ፣ የወንዝ ዳሯ መሬት የእሱ ናት።»

የዚያ አገር አውቶቡስ ግን እግር ላለው ሰው አልተሠራም። እግር የሚያስዘረጋው ከበሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ ብቻ ነው። ታላቅየው አራጋው ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደርሶ፣ በሩ ሳይከፈት ጋቢውን በመስኮት ወረወረበት። በመናኸሪያ ሕግ ጨርቅ የጣለ ቦታ ይዟል። አንዲት አራስ ልጇን ታቅፋ ብትለምነውም «ተይዟል» አላት።

ሊነሡ ሲሉ ረዳቱ በሽማግሌው እግር ቦታ ትንሽ የመቀመጫ ዱካ አስቀምጦ አንድ ነጋዴ ሊያስገባ መጣ። መካከለኛው ሙሄ «በእኔ ወንበር ይቀመጥ» ብሎ ወረደ። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ ቤቱ ገባ።

መንገድ ላይ ረዳቱ ሰው እየለቀመ መተላለፊያውን ሞላው። ኬላው ሲቃረብ እንደ ልማዱ «ትርፍ ዝቅ በሉ!» አለ። ሁሉም ተጎነበሰ። አንድ ግዙፍ ሰው መሸሸጊያ ቢያጣ «አባቴ፣ እግርዎን ሰብሰብ ያድርጉ» እያለ ሊጫናቸው ሆነ። ያኔ ትንሹ እብሬ በመስኮት ብቅ ብሎ ለትራፊክ ፖሊሱ «ትርፍ አለ!» ብሎ ጮኸ። በዚያ መንገድ እንዲህ ያለ ተሳፋሪ ታይቶ አይታወቅም። ትርፎቹ ወረዱ፤ ሾፌሩም ተቀጣ። «ከእንግዲህ ለእናንተ መንደር ሰው ፍሬን አልይዝም» አለ።

እግሩ ሳይታጠፍ ቤት ገባ፤ በሁለት ወሩ አያ ይመር ቆመው ሄዱ። በሦስተኛው ወር የሙሄ ሚስት ምጥ ጠናባት። መንገድ ዳር አወጧት። አውቶቡሱ መጣ፤ ሾፌሩ አያቸውና አለፈ። በቃሬዛ ተሸከሟት። የቃሬዛውን ፊት የያዙት፣ በዳነው እግራቸው፣ አያ ይመር ነበሩ። እናቲቱ ተረፈች፤ ልጁ መንገድ ላይ ቀረ።

ሐዘኑ በረድ ሲል ሽማግሌው ቃላቸውን ሊፈጽሙ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ።

«ጋቢዬን ባልጥል መቀመጫውም የለ» አለ አራጋው።

«እኔ ባልጮህ አባባ ዛሬ አይቆሙም ነበር» አለ እብሬ፣ ወንድሙን ሳያይ።

ሙሄ «እኔ ወርጃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተ ታውቃላችሁ» አለ።

አያ ይመር የዳነውን እግራቸውን አዩት። እስከ ዛሬም አልፈረዱም፤ መሬቷም ጦሟን ታድራለች። እስቲ እናንተ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ የምትሰሙ፣ ፍረዱ፤ መሬቷ የማን ናት?