ዘነዘና የሚያስረክቡ የጉርባ ሰዎች

ወደ ሐይቁ በሚወርደው በጉርባ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ ዘነዘናቸውን ተሸክመው ለአንዲት አሮጊት ያስረክባሉ፤ እስከ መስቀልም በዚያ አገር በሙቀጫ የሚወቅጥ የለም። እንግዳ ያየ እንደሆነ ይስቃል። ምክንያቱን ቢያውቅ ግን አይስቅም ነበር።

አባቶች እንደሚነግሩን፣ ክረምት ሲገባ ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ከሐይቁ እየተግተለተለ ወንዙን ሽቅብ ይወጣና ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ይጥል ነበር። በዚያ ዘመን አጣለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች ይባላል፤ መሬት የላት፣ በሬ የላት፣ አራት ልጆቿን የምታሳድገው በመንጠቆ በምታወጣው ዓሣ ብቻ። እሷም ብትሆን ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ እስኪመለስ መንጠቆዋን ሰቅላ ጎመን እየቀቀለች ትከርም ነበር።

ታዲያ በአንዱ ዓመት የጭቃ ሹሙ የደምለው አባት ሞቱና አርባቸው ፍልሰታ ላይ ዋለ። ሥጋ አይቀርብም፤ እንግዳን በሽሮ ብቻ መሸኘት ደግሞ ክብሩን የሚነካ መሰለው። በመንጠቆ ማን ይለፋል! ዓሣ የሚያሰክረው የብርብራ ፍሬ በየቤቱ እንዲወቀጥ አዘዘ። ሰውስ ቢሆን? አንድ እንኳ «ኧረ ተው» ያለው አልነበረም፤ ሁሉም ዘነዘናውን አነሣ። ዱቄቱን ውሃው ላይ ሲበትኑት ቢልጫው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ወንዙን ሞላው፤ ሴቴዋ ከነእንቁላሏ፣ ጣት የማያህለው ጭምር። ከድግሱ የተረፈው ዳር ላይ ገማ።

አጣለች የገማውን በእንቅብ ሞልታ ዳሱ ውስጥ ገባችና ጭቃ ሹሙ እግር ሥር ዘረገፈችው።

«ጌታዬ፣ የዚህችን ዓሣ ሆድ ይቅደዱና ይዩት! የልጆቼን የከርሞ ጉርሻ ነው የበላችሁት።»

«ምን ታካብጃለሽ፣ ዓሣ እንደሆነ አያልቅ!» ብሎ ሳቀ። እንግዳውም አብሮት ሳቀ።

አለቀ እንጂ! በከርሞው ክረምት አንድም ቢልጫ አልወጣም፤ በሚቀጥለውም አልወጣም። በሦስተኛው ዓመት የአጣለች ትንሿ ልጅ በረሃብ ሞተች ይባላል። በቀብሯ ማግስት እናቷ በየደጁ እየዞረች፣ «ልጄን የገደላት ይሄ ነው» እያለች ዘነዘናውን ሁሉ ሰበሰበች። የከለከላት የለም፤ ጭቃ ሹሙም አንገቱን ደፍቶ ሰጠ። በየክረምቱ እንዲሁ ስታደርግ ኖራ፣ ዓሣው የተመለሰው እሷ ካረጀች በኋላ ነው ይላሉ።

ዛሬስ? ዛሬ ዘነዘናውን በእልልታ ያስረክቡና በማግስቱ ጣት የማያሾልክ የናይሎን መረብ ከወንዙ አፍ ላይ ይገትራሉ። አያፍሩም እኮ! ዘንድሮ በአጣለች ቦታ ዘነዘናውን የሚረከቡት አሮጊት፣ እማማ ወርቅያንሱ፣ ሁሉንም ደጅ ላይ አቆሟቸው።

«ዘነዘናችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አሉ፤ «መረባችሁን አምጡ።»

እስካሁን ያመጣ የለም።